ሴንሰርን እንደ ዘር መበተን፦ ከጅማ ምድር ስር የሚመጣውን ለመስማት ስንት ጆሮ ይበቃል?

ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ጅማ ተንቀጥቅጣ ነበር። መጠኑ 5 ገደማ የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሳው ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ በሆሳዕና አካባቢ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጎዱ ተማሪዎች ነበሩ። ብዙዎቻችን የመሬት መንቀጥቀጥ የአፋር፣ የመተሃራ ወይም የሐዋሳ ጉዳይ ይመስለናል። ጅማ የስምጥ ሸለቆ ከተማ አይደለችም፤ ከሸለቆው በስተምዕራብ ባለው ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የቡና ከተማ ናት። ንዝረቱ ግን ይህን አይቶ አልተመለሰም።

እንዲህ ባለ ቀን ሰው የሚጠይቀው ያው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከየት መጣ? ምን ያህል ትልቅ ነው? አለቀ ወይስ ይቀጥላል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልሱት መሬት ላይ የተቀመጡ መሣሪያዎች ናቸው። ሦስተኛውን በእርግጠኝነት የሚመልስ መሣሪያ በዓለም ላይ የለም። ሆኖም ተከታዮቹን ትናንሽ ንዝረቶች በደንብ የሚሰማ መረብ ካለ፣ ነገሩ እየበረደ ነው ወይስ እየባሰበት የሚለውን በቁጥር መከታተል ይቻላል። መረቡ ከሌለ ክፍተቱን የሚሞላው ወሬ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው እንዲህ ያለ መረብ እንዴት እንደሚነደፍ ነው። በተለይም ከባዱን ዓይነት፦ መሣሪያዎቹን የት እንደምናስቀምጥ በደንብ መምረጥ በማንችልበት ጊዜ፣ ማለትም እንደ ዘር ሲበተኑ፣ የምልክቱን ምንጭ እናገኘዋለን ብሎ መተማመን የሚቻለው በምን ስሌት ነው? ነገሩ ለመሬት መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። በጫካ ውስጥ የሚጮህን የሞተር መጋዝ፣ የመብረቅን መውደቂያ፣ የናዳን መነሻ ለማወቅም ስሌቱ አንድ ነው።

አንድ ጆሮ አይበቃም

መብረቅ ሲበርቅና ነጎድጓዱ ሲሰማ በመካከል ያለውን ጊዜ ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ነገር ያውቀዋል። ሦስት ሰከንድ ከቆጠረ መብረቁ አንድ ኪሎሜትር ያህል ርቋል። ብርሃኑ ወዲያው ይደርሳል፣ ድምፁ ግን ይዘገያል።

የመሬት መንቀጥቀጥም እንዲሁ ሁለት ሞገድ ይልካል። ፈጣኑ በሰከንድ 6 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ዘገምተኛውና ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ደግሞ 3.5 ኪሎሜትር ገደማ። ጅማና ሆሳዕና በአየር መስመር 110 ኪሎሜትር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ ከዚያ የተነሳ ንዝረት ጅማ ሲደርስ ፊተኛው ሞገድ 18 ሰከንድ፣ ኋለኛው 31 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ልዩነቱ 13 ሰከንድ ነው። ባለሙያዎች በእጅ ሲያሰሉ ይህን ልዩነት በ8 ያባዙታል፤ 104 ኪሎሜትር ይመጣል። ለግምት ጥሩ ነው።

ግን ወደየት አቅጣጫ 104 ኪሎሜትር? ጅማን መሃል አድርገን በዚህ ርቀት ክብ ብንሠራ፣ ክቡ በሆሳዕና አጠገብ ያልፋል፣ በበደሌ አጠገብም ያልፋል። አንዱ በምሥራቅ ሌላው በሰሜን ምዕራብ። ጥሩ መሣሪያ አቅጣጫውንም በግምት ሊናገር ይችላል፣ ቢሆንም ብቻውን የተናገረውን ማመን ይከብዳል። ሁለተኛ መሣሪያ ሲጨመር ሁለት ክቦች በሁለት ነጥብ ይቋረጣሉ። ሦስተኛው ሲጨመር አንዱ ነጥብ ይወድቃል። ለዚህ ነው ምንጭ ማግኘት ሲባል ዝቅተኛው ቁጥር ሦስት የሚሆነው። አንድ ሴንሰር ሰማ ማለት “የሆነ ነገር አለ” ማለት ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን እንበትናለን?

ሦስት የሚበቃ ከሆነ ጥሩ ጥሩ ቦታ መርጦ ማስቀመጥ አይሻልም ወይ? ይሻላል። ችግሩ ምርጫው ብዙ ጊዜ የእኛ አለመሆኑ ነው። መሣሪያ የሚቀመጠው ባለቤቱ በፈቀደበት፣ ጥበቃ ባለበት፣ ፀሐይ በሚያገኝበትና ኔትወርክ በሚይዝበት ነው። ካርታ ላይ ያማረው ነጥብ ሄደው ሲያዩት ገደል አፋፍ ወይም የሰው ማሳ መሃል ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ መድረስ አይቻልም። ሐሳቡን በሰፊው የሞከሩት ወታደሮች ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የጭነት መኪናዎችን እንቅስቃሴ ለማወቅ በላኦስ ጫካዎች ላይ ድምፅና ንዝረት የሚሰሙ ሴንሰሮችን ከአውሮፕላን ትጥል ነበር። እያንዳንዱ በትክክል የት እንደወደቀ ማወቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ፒስተር የተባሉ ተመራማሪ “ብልህ አቧራ” የሚል ትርጉም ያለው ፕሮጀክት ጀመሩ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) ቡድናቸው ከትንሽ ሰው አልባ አውሮፕላን ላይ ጥቂት ሴንሰሮችን መንገድ ዳር ጥሎ የሚያልፉ መኪኖችን መከታተል እንደሚቻል አሳየ።

ለእኛ ግን ነገሩን ለመረዳት አውሮፕላን አያስፈልግም። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ እያንዳንዷ ፍሬ የት እንደምትወድቅ አይመርጥም፤ አይችልምም። ለአንድ ጥማድ ስንት ቁና ዘር እንደሚበቃ ግን ያውቃል። የሚቆጣጠረው ቦታን ሳይሆን ብዛትን ነው። የጌራን ወይም የበለጤን የጫካ ቡና ያየ ሰው ሌላውን ግማሽ ያውቃል። ወፍና ጦጣ የበተኑት ቡና እንደ ተተከለ ቡና መስመር አይጠብቅም፦ አንድ ጋ ይጨናነቃል፣ ሌላ ጋ ባዶ ይተዋል። የዕጣ ነገር ይኸው ነው። እኩል አይከፋፈልም። ስሌቱም ከዚህ ይጀምራል።

ስሌቱ በጫካው

እስቲ በምሳሌ እንየው። ሬይንፎረስት ኮኔክሽን የተባለ ድርጅት ዛፍ ላይ በተሰቀሉ ስልኮች የሞተር መጋዝ ድምፅ እያደመጠ ሕገወጥ ቆረጣን የሚጠቁም ሥራ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢንዶኔዥያ ጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ወስዷል። አንዱ መሣሪያ አንድ ኪሎሜትር ያህል ርቀት ይሰማል እንበል። ይህን ወደ ጌራ አምጥተን 10 በ10 ኪሎሜትር፣ ማለትም 100 ስኩዌር ኪሎሜትር ጫካ ላይ ብንበትነውስ? ምሳሌ ነው፤ እዚያ ተሠራ እያልን አይደለም።

አንድ መሣሪያ በዙሪያው 3.14 ስኩዌር ኪሎሜትር ይሰማል፤ ከጫካው ከመቶ ሦስት ያህል ማለት ነው። 100ን ለ3.14 ስናካፍል 32 ይመጣል። ስለዚህ 32 መሣሪያ ጫካውን ይሸፍነዋል ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። የበጀት ወረቀት ላይም እንዲህ ተጽፎ ሊመጣ ይችላል።

በዕጣ ሲበተን ግን አይሸፍነውም። ጫካው ውስጥ አንድ ነጥብ እንምረጥ። አንዱ መሣሪያ ያንን ነጥብ የመሳት ዕድሉ ከመቶ 97 ነው። ሠላሳ ሁለቱም የመሳታቸው ዕድል ይህን ቁጥር 32 ጊዜ በራሱ በማባዛት ይገኛል። ውጤቱ ከመቶ 36 ነው። ከጫካው አንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ማንም የማይሰማው ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም ክቦቹ አንድ ጋ ተደራርበው ሌላ ጋ ክፍት ይተዋሉ። መሣሪያውን በእጥፍ አሳድገን 64 ብናደርገው ያልተሰማው ወደ 13 ይወርዳል። በ96 ወደ 5። ከመቶ አንድ ብቻ እንዲቀር ከተፈለገ 147 ገደማ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ 32 ከመቶ 64 የሚሆነውን ሲያስገኙ፣ ከ96 በኋላ የሚጨመሩት ሃምሳዎቹ የሚያስገኙት አራት ብቻ ነው። የመጨረሻዋ ጥግ ውድ ናት።

ይህ እንግዲህ በአንድ ጆሮ ነው። ምንጩን ለማግኘት ሦስት ጆሮ ያስፈልጋል ብለናል። ዘጠና አምስት ከመቶ የሚሆነው ጫካ በሦስትና ከዚያ በላይ መሣሪያ እንዲሰማ ስንት እንበትን? ስሌቱ 200 ገደማ ይላል። ከዚህ ውስጥ አንድ ቁጥር ይዘን እንሄዳለን፦ በ200 መሣሪያ እያንዳንዱ ነጥብ በአማካይ በ6.3 መሣሪያ ይሰማል። አማካዩ ስድስት ከሦስት አስረኛ ሲሆን ነው ዝቅተኛው ሦስት የሚጠበቀው። ይህ ቁጥር የመሣሪያው ዓይነት ቢቀየርም፣ ጫካው ዞን ቢሆንም አይቀየርም።

ርቀቱ ሲቀየር የሚሆነውን ደግሞ ልብ እንበል። መጥረቢያ እንደ ሞተር መጋዝ ሩቅ አይሰማም። የመስሚያው ርቀት በግማሽ ወርዶ 500 ሜትር ቢሆን የሚያስፈልገው መሣሪያ እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው፤ 800። ለዚህ ነው ንድፍ ላይ “ስንት እንግዛ?” ከሚለው በፊት “ምን ለመስማት?” የሚለው መጠየቅ ያለበት።

ሦስት ምስክር

አንድ ሰው “መስማት” ማለት ቀላል ነገር መስሎት ይሆናል። አይደለም። ሴንሰር የሚሰማው ሁልጊዜ ነው፤ ነፋስ፣ ዝናብ፣ ባጃጅ፣ የሚያልፍ አይሱዙ። ሥራው ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛው ቁምነገር እንደሆነ መወሰን ነው። ስለዚህ ገደብ ይቀመጥለታል፦ ከዚህ በላይ ከጮኸ ንገረኝ። ገደቡን ዝቅ ካደረግነው ሩቅ ይሰማል፣ ግን በትንሹም ይደነግጣል። ከፍ ካደረግነው ይረጋጋል፣ ግን ደንቆሮ ይሆናል።

200 መሣሪያ ተበትኖ እያንዳንዱ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በስህተት ቢጮህ፣ በቀን 200 የሐሰት ጥሪ ይመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን የሚያነሳ የደን ጠባቂ አይኖርም። መፍትሔው እያንዳንዱን መሣሪያ ይበልጥ ብልህና ውድ ማድረግ ብቻ አይደለም። ጎረቤታሞች የሆኑ ሦስት መሣሪያዎች በአሥር ሰከንድ ውስጥ አብረው ካልጮሁ አትመን ማለት ይቻላል። ስህተቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ በቀን 200 የነበረው የሐሰት ጥሪ በዚህች አንዲት ደንብ ብቻ በብዙ ዓመት አንዴ የሚመጣ ይሆናል። በአገራችን ሽምግልና አንድ ምስክር የማይበቃው በከንቱ አይደለም።

ቁልፉ ግን “እርስ በርስ ካልተያያዙ” የሚለው ነው፤ ጅማ ላይ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ነጎድጓድ ሲያጓራ ሁሉም አብረው ይሰማሉ። የቡና ወቅትም አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቀን የተለቀመው እሸት ቡና ሳያድር መፈልፈል ስላለበት፣ በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ማሽን ከምሽት እስከ ሌሊት ይሠራል። በሌላ ወር ሌሊት ለመሣሪያ ፀጥ ያለ፣ ምርጥ የማዳመጫ ሰዓት ነው። በቡና ወቅት ማጠቢያ ጣቢያ አጠገብ ያለ መሣሪያ ሌሊቱንም ያጣዋል። የ2003ቱ መንቀጥቀጥ የመጣው በታኅሣሥ ነበር። በሐምሌ ብቻ ተፈትኖ ገደቡ የተቀመጠለት መሣሪያ በኅዳር ስንቴ እንደሚሳሳት መገመት ከባድ አይደለም።

ኢትዮጵያ እስካሁን በምን ስትሰማ ቆየች?

ወደ መሬት መንቀጥቀጡ እንመለስ። በአገራችን የዘርፉ መሠረት የተጣለው በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን በያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ማዕከል መሠረቱ። እሳቸው በ1979 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እስካሁን ዋና መነሻ ነው። ማዕከሉ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል። መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር በሚዲያ የምናያቸው ፕሮፌሰር አታላይ አየለም የዚሁ ቤት ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በፉሪ ተራራ ላይ ያለው ጣቢያ ደግሞ የዓለም አቀፍ መረብ አካል ነው።

ቋሚዎቹ ጣቢያዎች ጥራት አላቸው፣ ግን ለአገሩ ስፋት ጥቂት ናቸው። ትልልቅ ንዝረቶችን ከሩቅ ይሰማሉ። ትንንሾቹ ያመልጧቸዋል።

ጅማ አንድ ጊዜ የራሷ መሣሪያ ነበራት። ከ2000 እስከ 2002 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአገሪቱ ውስጥ 25 ገደማ ጊዜያዊ ጣቢያዎችን አስቀምጦ ነበር። ጅማ አንዷ ነበረች፤ ሆሳዕና፣ ወልቂጤና ነቀምቴም ነበሩበት። ካርታውን ላየ ሰው በትክክል የ2003ቱን መነሻ የከበበ ቀለበት ነው። የጥናቱ ዓላማ ግን ማስጠንቀቅ ሳይሆን ከስራችን ያለው የምድር ቅርፊት ውፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ነበር። ጥናቱ ሲያልቅ መሣሪያዎቹ ተነሱ። መንቀጥቀጡ የመጣው እነሱ ከተነሱ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

በጥር 1995 ዓ.ም. ደግሞ ኢግል በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ጥናት አንድ ሺህ ገደማ መሣሪያዎችን በስምጥ ሸለቆውና በግራ ቀኙ ደርድሮ፣ መሬት ውስጥ በተቀበሩ ፈንጂዎች ንዝረት እየፈጠረ አዳመጠ። እዚያ ምንጩ የታወቀ ነበር፤ የማይታወቀው መሬቱ ነው። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። ሆኖም ሞገዱ በየአካባቢው በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ያወቅነው እንዲህ ባሉ ጥናቶች ስለሆነ፣ ያለ እነሱ የሦስቱ ክቦች ስሌት አይሠራም።

ከዚያ የ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ ጊዜ መጣ። ለወራት የዘለቀ ተከታታይ መንቀጥቀጥ፣ ታኅሣሥ 26 ከ5.5 በላይ፣ የካቲት 7 ደግሞ 6 ገደማ የሆነ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ከመሬት ስር ቅልጥ አለት እየገፋ እንደሆነ በግልጽ ካሳዩት አንዱ የሳተላይት ራዳር ነው። ሳተላይት ግን የሚያየው በላያችን በሚያልፍበት ቀን ነው፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ምን ሆነ የሚለውን ደቂቃ በደቂቃ የሚነግረው መሬት ላይ ያለ መሣሪያ ነው።

ለጅማ ዞን ብንነድፍስ?

የጅማ ዞን ስፋት 15,500 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ ነው። ርካሽ መሣሪያዎችን አስቀምጠን ትናንሽ ንዝረቶችን እያንዳንዱ በ30 ኪሎሜትር ዙሪያ ይሰማል ብለን እንነሳ። አንዱ የሚሰማው 2,827 ስኩዌር ኪሎሜትር ይሆናል። ከጫካው ምሳሌ ይዘነው የመጣነው 6.3 እዚህ ይሠራል፦ 6.3ን በዞኑ ስፋት አባዝተን ለ2,827 ስናካፍል 35 ይመጣል።

ሠላሳ አምስት መሣሪያ። ለአንድ ዞን ብዙ አይደለም። ቦታ እየመረጥን ብናስቀምጣቸው ኖሮ ከ17 በታች በምንም ዘዴ አይቻልም ነበር፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ በዕጣ መበተን ዋጋው እጥፍ ገደማ ነው። በምላሹ የምናገኘው ነገር ግን አለ። በተመረጠ ቦታ ከተቀመጡ 17 መሣሪያዎች አንዱ ቢሰረቅ ቀዳዳው የታወቀ፣ ትልቅ ቀዳዳ ነው። ከተበተኑት ውስጥ ግን ማንኛውም ቢወድቅ የቀሩት ያው የተበተኑ ናቸው። ከአራት አንዱ ይበላሻል ብለን ካሰብን (በክረምት ዝናብ፣ በባትሪና በምስጥ መሃል ይህ የተጋነነ ግምት አይመስለንም) 35ን ለ0.75 አካፍለን 47 እንገዛለን። አለቀ። የጥገና መኪና ለአንድ መሣሪያ ሲባል በጭቃ ወደ ጌራ አይሮጥም።

እዚህ ላይ ግን ስሌቱን የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም ጅማ ላይ እውነት ናቸው።

አንደኛው፣ “በዕጣ” የምንለው በእውነት ዕጣ አለመሆኑ ነው። መሣሪያዎቹን ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የቡና ገበሬዎች ማኅበራት ያስቀምጡልን ብንል፣ አብዛኞቹ ፈቃደኞች የሚገኙት ከሰርቦ በጅማ አድርጎ ወደ አጋሮና በደሌ በሚሄደው አስፋልት ግራና ቀኝ ነው። መብራቱም ኔትወርኩም እዚያ ነው። ወደ ጎጀብ ሸለቆ ያለው ባዶ ይቀራል። መንገድ ላይ የተሰለፉ መሣሪያዎች ሌላም ችግር አለባቸው፦ ምንጩ ከመስመሩ በስተሰሜን ይሁን በስተደቡብ መለየት ይቸግራቸዋል፤ ሁለቱም ወገን እኩል ይመስላል። መድኃኒቱ ዞኑን በአራትና አምስት ቁራጭ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ኮታ መስጠት ነው። በቁራጩ ውስጥ የትም ይሁን፣ ግን ከጌራ በኩል ይህን ያህል ሳይኖር አንጀምርም ማለት።

ሁለተኛው ድንበር ነው። ዞኑ ጠርዝ ላይ የሚነሳ ንዝረት የሚሰማው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ በሌላው ወገን መሣሪያ የለም። ከዞኑ ውጭ የሚነሳውማ የባሰ ነው። የ2003ቱ መንቀጥቀጥ የተነሳው ከጅማ ዞን ውጭ ነው! ምድር የዞን ወሰን አታውቅም። በጅማ በጀት፣ በጅማ ወሰን ውስጥ ብቻ የተበተነ 35 መሣሪያ ጅማን ያንቀጠቀጣትን ነገር ከአንድ ጎን ብቻ ያየው ነበር። ስለዚህ ከ47ቱ ውስጥ ጥቂቶቹ ወልቂጤ፣ ሆሳዕና፣ ቦንጋና በደሌ መቀመጥ አለባቸው። በጅማና በሆሳዕና መካከል ደግሞ የጊቤ ሸለቆ አለ። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ፣ ከዚያም ዋሻው 26 ኪሎሜትር የሆነው ጊቤ ሁለት እዚያ ናቸው። ቀለበቱን ለመዝጋት ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ይመስለናል።

ስልኮችስ?

ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ንዝረት የሚለካ ነገር አለ፤ ስልኩን ስናዞረው ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው በእሱ ነው። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ማይሼክ የተባለ መተግበሪያ አወጣ። ጎግልም ከ2020 ጀምሮ የአንድሮይድ ስልኮችን እንደ መሬት መንቀጥቀጥ መስሚያ መጠቀም ጀመረ። ማንም ያልነደፈው፣ በሕዝቡ ኑሮ የተበተነ መረብ ማለት ነው።

ለጅማ ገጠር ግን ሁለት ነገር እናስተውላለን። ስልኩ የሚያዳምጠው ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ ነው፤ በተለይ ቻርጅ ላይ ሳለ። መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልክ የሚሞላው ከተማ ባለው ሱቅ ነው፤ ሃያ ስልክ በአንድ ጠረጴዛ ላይ። እነዚያ ሃያ ስልኮች ሃያ ምስክሮች አይደሉም። ባለሱቁ ጠረጴዛውን ሲገጨው ሁሉም አብረው ይጮሃሉ። በስሌቱ ውስጥ አንድ ሆነው ነው የሚቆጠሩት። ሌላው የስልክ ጆሮ ደካማነት ነው። ማይሼክ ሲነደፍ የታሰበው መጠኑ 5 የሆነን መንቀጥቀጥ ከ10 ኪሎሜትር ርቀት ለመለየት ነው። ሆሳዕና ላይ የተነሳ መጠን 5 ጅማ ላሉ ስልኮች ከ100 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል። ስልክ ይረዳል፤ መሣሪያውን ግን አይተካም።

ፈቃደኞች የሚያስተናግዱት መረብ ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳየው ጥሩ ምሳሌ የመብረቁ ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዓለም አቀፍ የመብረቅ መጠቆሚያ መረብ በዓለም ዙሪያ 70 ገደማ ተቀባዮች አሉት። የተቀመጡት ካርታ ላይ ተለክቶ ሳይሆን እሺ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ተቋማት ግቢ ነው። መብረቅ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ በሺዎች ኪሎሜትር ስለሚሰማ ይበቃሉ፤ አንድን መብረቅ ለመመዝገብም ቢያንስ አምስት ተቀባይ እንዲስማማ ይጠይቃሉ። ጆሮው ሩቅ ሲሰማ ብዛቱ ይቀንሳል።

ሰምቶ መናገር

የሰማ መሣሪያ ካልተናገረ አልሰማም። ሲም ካርድ ያለው በስልክ ኔትወርክ ይልካል፤ በሌለበት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተቀባበሉ የሚልኩ የሬዲዮ ዓይነቶች አሉ። ለተበተነ መረብ እዚህም የታወቀ ገደብ አለ። እያንዳንዱ መሣሪያ በአማካይ ከአራት ተኩል ያነሰ ጎረቤት ላይ የሚደርስ ከሆነ መረቡ ብጥስጥስ ያለ ደሴት ይሆናል። ከዚያ ሲያልፍ አብዛኛው በድንገት ይያያዛል። ማንም እንዳይቀር ከተፈለገ በዚህ ብዛት አሥር ገደማ ጎረቤት ይሻላል። ለጫካው መሣሪያ ይህ ወሳኝ ነው። ለዞኑ ግን መሣሪያዎቹ በአሥር ኪሎሜትሮች ስለሚራራቁ በሲም ካርድ መሄድ ነው የሚያዋጣው። መብራት ሲጠፋ የኔትወርክ ማማውም ሊጠፋ ስለሚችል መሣሪያው የሰማውን ከነሰዓቱ ለራሱ የሚያስቀምጥበት ማኅደር ይኑረው። ሰዓቱም ከጂፒኤስ የሚወሰድ ይሁን፤ አንድ ሰከንድ የተሳሳተ ሰዓት ምንጩን በስድስት ኪሎሜትር ያሸሸዋል።

የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይኖር ይሆን ለሚለው፦ ሆሳዕና አጠገብ ያሉ መሣሪያዎች በአምስት ስድስት ሰከንድ ውስጥ ከተስማሙ፣ ጎጂው ሞገድ ጅማ እስኪደርስ ከ20 ሰከንድ በላይ ይቀራል። መልእክቱ ሳይዘገይ ከደረሰ ማለት ነው። ሃያ ሰከንድ ከአራተኛ ፎቅ ለመውረድ አይበቃም፤ ደረጃ ላይ መጋፋቱ ራሱ ሰው ይጎዳል። ጠረጴዛ ስር ለመግባትና ከመስኮት ለመራቅ ግን ይበቃል።

መሣሪያ ለማስተናገድ ለሚጠየቅ ትምህርት ቤት ወይም ማኅበር የሚሆን ጥቂት ነገር እንጨምር። መሣሪያው የሚቀመጠው ምድር ቤት፣ ከመሬት ጋር በተያያዘ የሲሚንቶ ወለል ላይ ነው፤ ፎቅ ላይ ከሆነ የሚሰማው የሕንፃውን መወዛወዝ ነው። ትልቅ ዛፍ አጠገብ አይሁን፤ ነፋስ ሲመጣ ሥሩ መሬቱን ያነቃንቃል። ከውኃ ማማ፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከጄኔሬተርና ከቡና መፈልፈያ በተቻለ መጠን ይራቅ። የሚቀመጥበት ክፍል በቀን ብዙ ሰው የማይገባበት፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ቢሆን ይመረጣል። ቁልፉ ግን በዕረፍት ጊዜም ከሚገኝ ሰው ጋር ይሁን።